ዝናብ የቀሰቀሰው እንቁላል

ስሙኝማ! የዛሬው ወግ የሚነሳው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው፤ ዓመቱንም በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።

ጊዜው 1930 ነው። ናይቫሻ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ እርሻ በጎቹ ተራ በተራ ይጨነግፉ ጀመር። በደህና የተወለደውም ግልገል ጠዋት ሲጠባ ታይቶ ማታ ሬሳ ሆኖ ይገኛል። እረኞቹንም ትኩሳትና ቁርጥማት ጣላቸው። ነገሩን ሊያጣሩ የመጡት የእንስሳት ሐኪሞች፣ ዶብኒና ሃድሰን፣ መንጋውን ከሸለቆው አስነስተው ወደ ደጋው ቢያወጡት ሞቱ ጋብ አለ። የእኛ አገር እረኛ ይህን ቢሰማ «ታዲያ ይህም ምርምር ሆነና ነው?» ሳይል አይቀርም። ብቻ ትንኝ ተጠረጠረች፤ በሽታውም የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተባለ።

እሺ፣ ዝናብና ትንኝ በሌለበት ዓመት የበሽታው ቫይረስ የት ይከርማል? ዝናብ ሲጠግብ ኩሬ፣ ሲደርቅ ግጦሽ የሚሆን ረባዳ መሬት አለ አይደል? ኤደስ የምትባለው ትንኝ እንቁላሏን እዚያ ረባዳ ላይ፣ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ትጥላለች። ውሃው ይሸሻል፤ ጭቃው ይሰነጣጠቃል፤ እንቁላሉ ግን ዓመታት ይቆያል። አንድ ቀን ጎርፍ ያጥለቀልቀዋል። ያኔ ከእናቷ ቫይረሱን የወረሰችው ትንኝ ማንንም ሳትነድፍ በሽታውን ይዛ ትፈለፈላለች። በግ ትነድፋለች፤ ከበጉ ደም ደግሞ ሌሎች ትንኞች ይቀዳሉ። ሰውን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከትንኟ ይልቅ ደሙ ነው፦ የታመመ ሲያርድ፣ ቆዳ ሲገፍ፣ የጨነገፈ ሽል በእጁ ሲያነሳ። ብዙው ሰው በሳምንት ይድናል። ጥቂቱ ደም እየተፋ ይሞታል፤ ዓይኑ የሚጠፋም አለ።

በ1997 መጨረሻ የኤልኒኖ ዝናብ ሰሜን ምሥራቅ ኬንያንና ደቡብ ሶማሊያን አጥለቀለቀ። በኬንያዋ ጋሪሳ ከብቱም ሰውም ወደቀ፤ በጠቅላላው አካባቢ የተያዘው ሰው እስከ 89,000 ተገመተ። ሳዑዲ ዓረቢያም ከአፍሪካ ቀንድ ቁም እንስሳት አልቀበልም አለች። በመስከረም 2000 በሽታው ራሱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሳዑዲዋ ጂዛንና የመን ገባ፤ በሁለቱ አገሮች ከ200 በላይ ሰው ገደለ። የሳዑዲ ገበያ በር ዳግም ተዘጋ፤ ለሶማሌላንዱ የበርበራ ወደብ እስኪከፈት 2009 ደረሰ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። የእኛ ሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ጥቁር ራስ በጉን በበርበራ በኩል ለአረፋ ገበያ ይልክ ነበር። መንጋው ሳይታመም ገበያው ታመመበት። ስኳሩም፣ ሩዙም፣ የልጆቹም ልብስ የሚገዛው ከዚያው በግ ነው፤ ደላላው ደግሞ መከራ ሲያይ ዋጋ መስበር ያውቅበታል።

በ2006 የናሳ ተመራማሪዎች የውቅያኖሱን ሙቀትና የሣሩን ልምላሜ ከሳተላይት አይተው «በሽታው ዘንድሮ ይመጣል» ብለው አስጠነቀቁ። መጣም፤ ያውም እዚያው ጋሪሳ። ኬንያ ብቻዋን ከ150 በላይ ሰው ቀበረች። ለመንጋው ክትባት መስጠት የተጀመረው ሰው መሞት ከጀመረ በኋላ፣ በጥር 2007 ነበር።