ስንቅና ወረቀት፦ የሐጅ ጉዞ ዝግጅት ትናንትና ዛሬ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ሐጅ ግዴታ የሚሆነው በቻለ ሰው ላይ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዑለማዎች «መቻል» ምን ማለት እንደሆነ ሲያብራሩ በቅድሚያ የሚያነሡት ሁለት ነገር ነው፤ ስንቅና መጓጓዣ። ስለዚህ ለጉዞው መሰናዳት ጓዝ የማሰር ተራ ሥራ ሳይሆን የዒባዳው መግቢያ በር ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የአገራችን ሐጃጆች ትናንት እንዴት ይሰናዱ እንደነበር፣ ዛሬ ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ እንመለከታለን።

ከጎጃም ወደ ቀይ ባሕር የሚያወጣው መንገድ በዋናነት ሁለት ነበር። አንዱ በጎንደር አልፎ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ሁለተኛው በመተማ ተሻግሮ በሱዳን ምድር ወደ ሱዋኪን ወደብ ያደርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ፖርት ሱዳን ከተከፈተ ወዲህ ግን የሱዋኪን ቦታ በእርሱ ተተካ። ሁለቱም የሲራራ ነጋዴ መንገዶች ሲሆኑ ሐጃጁም ከነጋዴው ጋር ተቀላቅሎ ይጓዝ ነበር። የእኛዋ ዳንግላም ከሱዳን በኩል ለሚመጣው ሰው እንግዳ አልነበረችም። ብሪታንያ በከተማዋ ቆንስላ ከፍታ የነበረ ሲሆን ሜጀር ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዚያ በቆንስልነት አገልግሏል። በመተማ አካባቢ ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ የተነሡ ተክሩሮች ሰፍረው ኖረዋል። ለሐጅ ከአገሩ የወጣ ሰው በመንገድ ላይ ትውልድ ተክሎ ሊቀር ይችል እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ያንሳል። በመሆኑም የሐጅ ወር አንድ ጊዜ በበጋ፣ ሌላ ጊዜ በክረምት ይውላል። የቆላው ወንዝ ግን በክረምት ሲሞላ አያሻግርም፤ ዝናቡ ሲያባራም ንዳዱ ይበረታል። ስለዚህ መንገደኛው ቆላውን በበጋ አቋርጦ ወራቱ እስኪደርስ በባዕድ አገር መቆየት ሊኖርበት ይችል ነበር። ጉዞው ዓመትና ከዚያም በላይ ቢፈጅ አያስገርምም። ስንቁም በዚሁ ልክ ነው፤ በሶና ቆሎ በስልቻ፣ ውሃ በቅል። ለወጪ የሚያዘው ማርትሬዛ ብር ነበር፤ ይህ ብር በኢትዮጵያም በዓረቢያም ይሠራ ነበርና። ከሁሉ በላይ ግን ወንዱ የሚለብሰው ሁለት ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ፣ ኢሕራሙ ነው። ከፈንን ስለሚመስል ባለቤቱን ስለ መመለስም ስለ አለመመለስም ያሳስበዋል።

ስንቅ መያዝ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። የየመን ሰዎች ያለ ስንቅ ለሐጅ እየመጡ፣ በአላህ ላይ የተመካን ነን እያሉ መካ ሲደርሱ ሰው ይለምኑ እንደነበር ኢብኑ ዓባስ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ስንቅ እንድንይዝ የሚያዘው የሱረቱል በቀራህ አንቀጽ የወረደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያው ሱራ ውስጥ የሚገኘው፣ በቁርኣን ከሁሉ ረጅም የሆነው አንቀጽ ደግሞ ብድር በጽሑፍ እንዲሰፍር ያዛል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። እንግዲህ ፓስፖርት የሚባል ነገር ሳይታወቅ በፊት የሙስሊም መንገደኛ የመጀመሪያ ሰነድ የዕዳውና የአማናው ዝርዝር ነበር።

የመንግሥታት ወረቀት የመጣው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 በመካ ኮሌራ ተነሥቶ ወደ ሌላው ዓለም በመዛመቱ በ1866 መንግሥታት በኢስታንቡል ተሰብስበው ተመካከሩ። ከዚያ ወዲህ የሐጃጅ ጤና የሐኪምና የወደብ ሹም ጉዳይ ሆነ። በወረራው ዘመን ጣልያን ለፖለቲካው ጥቅም ሲል ሐጃጆችን ይልክ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም በረራ ጀመረ፤ በኋላም ሐጃጆችን ወደ ጅዳ ሲያመላልስ የወራቱ መንገድ የሰዓታት ሆነ። ይሁን እንጂ መንገዱ ሲያጥር ወረቀቱ ረዘመ። በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት ከፓስፖርቱ ሌላ የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የእስልምና ጉባኤ ድርጅት ለየአገሩ ከአንድ ሺህ ሙስሊም አንድ ሐጃጅ የሚል ኮታ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ላይ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ስለተነሣ ክትባቱ ግዴታ ሆነ፤ ከአገራችን የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ካርድም ይጠየቃል።

አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን ሁሉ ከንቱ እንግልት ያደርጉታል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም ሐጅ በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ከአምስቱ ከአራት በላይ የሚሆኑት ያለ ፈቃድ የገቡና በጥላና በመጓጓዣ ያልታቀፉ ነበሩ። በደላላ አቋራጭ መሄድ ነፍስን ያስከፍላል። ይህ ለሥራ የሚሄዱትንም ይመለከታል። በ2006 ዓ.ም ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሕጋዊ ወረቀት ያልነበራቸው ነበሩ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ የፓስፖርትህንና የቪዛህን፣ የክትባት ካርድሽንና የሥራ ውልሽን ኮፒ ለቤተሰብ ተዉ። መድኃኒት ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ውስጡን ያላያችሁትን የሰው እቃ አትቀበሉ፤ ጫት በዚያ አገር ወንጀል ነውና በሻንጣችሁ አይገኝ። ይህ ሁሉ ከመሰናዳቱ በፊት ግን አንድ ወረቀት ይቅደም፦ ያለባችሁን ዕዳ፣ ያላችሁን ገንዘብ፣ በእጃችሁ ያለውን አማና በሁለት ምስክር ፊት ጻፉ። ያስቀየማችሁትን ጎረቤት፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ዐፉ በሉኝ በሉ። ይህን ወረቀት ኤምባሲ አይጠይቀውም፤ በአየር ማረፊያም የሚፈትሸው የለም። መንገደኛው ሳይመለስ ቢቀር ግን የሙት ልጆችን ከክርክር የሚያድነው፣ በአላህ ፊትም ባለቤቱን የሚጠቅመው እርሱ ነው።

አላህ ለሐጅ ለተነሡት መንገዱን ያግራላቸው፤ ለቀረነውም ይወፍቀን። አሚን።