በገና
እንጨት፣ ቆዳ፣ የበግ አንጀት

ጎንበስ ብለው አውታሮቹ የሚያልፉበትን በርኮማ ይዩ። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኮማው መካከል የገባችው ቁራጭ ቆዳ እንዚራ ትባላለች። በገናው እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርመው በእሷ ነው፤ ቦታዋን ከሳተች የድምፁ ግርማ ይጠፋል።

10ሩ አውታሮች ታጥቦ፣ ተገምዶ የደረቀ የበግ አንጀት ናቸው። ለሰሜን ሸዋዋ ደነባ ሰው በግ የደጅ ሀብት ነው፤ ከዚያው በግ የጸሎት ድምፅ መውጣቱ ያስደንቃል።

በዘመናችን የበገና መዝሙር ሲነሳ ዓለሙ አጋን ማስታወስ ግድ ነው። በ1942 ዓ.ም. እንጦጦ ተወልደው፣ ገና ልጅ ሳሉ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ድርደራ ተማሩ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ፤ በደርግ ዘመን ግን መንፈሳዊ ዜማ ፊት ተነሳ፣ ትምህርቱም ተቋረጠ። እሳቸው መደርደራቸውን አልተዉም። «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የሙዚቃ ስብስብ 11ኛው ቅጽ የእሳቸው ነው።

ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። የሞትን አይቀሬነት፣ የዓለምን ከንቱነት፣ የእመቤታችንን ምልጃ ለአንድ ሰው ጆሮ እንደሚነግሩ ሆነው ያዜማሉ። በገና ለአደባባይ ጭብጨባ አልተሠራም፤ በዐቢይ ጾም ምሽት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ደርዳሪው ብቻውን ተቀምጦ ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገርበት ነው።