የጽሑፍ ትእዛዝና ሞክሼ ፊደላት፤ የሐይቅ ምሳሌ

ኮምፒዩተርን በጽሑፍ ትእዛዝ የማሠራት ልማድ ዛሬ በሥዕላዊ መስኮቶች ቢሸፈንም፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጥቅሙ አላለፈበትም። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ ሲጀመር፣ ተጠቃሚው ይጽፍበት የነበረው ቴሌታይፕ በሰከንድ 10 ያህል ፊደላት ብቻ ያትም ነበር። ስለዚህ የመቅዳት ትእዛዝ «ሲፒ»፣ የመዘርዘር ትእዛዝ «ኤልኤስ» ተብሎ አጠረ። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ አንቀጽ ለወንድም ለሴትም ለአክብሮትም አንድ ነው፤ በአማርኛ ግን «ቅዳ»፣ «ቅጂ»፣ «ይቅዱ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል። እኛ ንዑስ አንቀጹን «መቅዳት»ን እንመርጣለን፤ ማሽን አንተም አንቺም አይደለምና።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ፣ ፈላጊው «ግሬፕ»ና ደርዳሪው «ሶርት» የእኛንም ቃላት ማንበብ ቻሉ። ችግሩ ያለው በሞክሼዎቹ ላይ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን የምትገኘው ከተማ ስሟ «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ»፣ «ኃይቅ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለጆሮ አንድ የሆነው ስም ለማሽኑ ሦስት ነው፤ በአንዱ የፈለገ ሁለቱን ያጣል። በመለያ ቁጥር ሲደረደሩም «ሀይቅ» መጀመሪያ ይመጣል፤ «ሐይቅ» ከ«ለ» ቤት ቀጥሎ፣ «ኃይቅ» ደግሞ ርቆ ከ«ቸ» ቤት በኋላ ይገኛል። «ትእዛዝ» የሚለው ቃል ራሱ «ትዕዛዝ» እየተባለም መጻፉን አንባቢ ልብ ይሏል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አማራጮቹን ሁሉ በማዕዘን ቅንፍ ከትቶ [ሀሃሐሓኀኃ]ይቅ ብሎ መፈለግ ነው። ትእዛዙ ከቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱን ያገኘበትን መስመር ሁሉ ያወጣል። ድርደራው ግን በዚህ አይቃናም፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት የተከተለውን የ«አበገደ» ተራ የሚፈልግ ሰው፣ ተራውን ለማሽኑ ለይቶ ማስተማር ይኖርበታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። «ሶርት» ዋናውን ፋይል በራሱ አይለውጥም። ሆኖም ውጤቱን በአቅጣጫ ምልክቱ «>» ወደዚያው ፋይል ስም የመለሰ ሰው የዓመታት የቃላት ስብስቡን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሥርዓቱ ድርደራውን ከመጀመሩ በፊት ተቀባዩን ፋይል ያጸዳዋልና። ውጤቱን በሌላ ስም ማኖር፣ ከሁሉ አስቀድሞም በ«ሲፒ» ቅጂ ማስቀረት ይገባል።