ከብረቱ ውስጥ ያለው ሰው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአስተማሪነቴ ዘመን የእንዳባጉናን ውጊያ ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜን የተሻገረው የራስ እምሩ ቀዳሚ ጦር በሽሬ መተላለፊያ ላይ የጣሊያንን ታንኮች ከበበ። እኔም «አባቶቻችን ብረትን በጎራዴ አሸነፉ» ስል ልጆቹ ያጨበጭቡ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስወርድ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁት። በ1991 ዓ.ም. በባድመ ግንባር የታንከኛ መቶ አለቃ የነበረ ነው። ቡና ስንጠጣ ያንኑ ትምህርቴን አነሣሁበት።

«መምህር፣ ታንክ ዕውር ነው» አለኝ። «ክዳኑ ከተዘጋ በጠባብ መስኮት ካልሆነ አይታይም። ጎንና ጀርባውን ማን ይጠብቅለታል?»

እውነቱን ነው። ያ የጣሊያን ታንክ ሦስት ቶን ያህል የሚመዝን፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ መትረየሱም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የማይዞር ነበር። አባቶቻችንም ይህን አይተው በጀርባው መጡበት። እኔ ግን ጀግንነታቸውን ሳወራ ብልሃታቸውን ደብቄ ኖሬአለሁ። (ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ መግባቱ አልቀረም፤ ፒያሳ የምንለው ስምም የእርሱ ቋንቋ ትራፊ ነው።)

መቶ አለቃው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «በውስጡ የነበሩትስ ሰዎች?» አለ።

«ሞቱ» አልሁት።

«እንዴት እንደ ሞቱ ለልጆች ነግረው ያውቃሉ?»

አልነገርሁም። እርሱም ስለ ባድመ ምንም አልነገረኝ፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።