ተከዜ ወዲህና ተከዜ ማዶ

ሰቆጣ ሲባል ለብዙዎቻችን ለከተማ ልጆች ቀድሞ የሚታወሰን ድርቅ ነው። አገሩ ግን የነገሥታት አገር ነው። ዋግሹሞቹ የዛግዌ ዘር ነን ሲሉ ኖረዋል፤ ከእነሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ንጉሥ ማፍራት ግን ቋንቋን አያድንም። የአገው ኽምራው ኽምጣና ለዘመናት ከጓዳና ከገበያ አልፎ ደብተር ላይ አልሰፈረም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ማንኛውም ብሔረሰብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት አለው አለ። ዋግ ኽምራም በአማራ ክልል ውስጥ የራሱን ምክር ቤት አገኘ፤ ኽምጣናም ትምህርት ቤት ገባ። እሰየው ነው!

አንድ ነገር ግን ይከነክነናል። ኽምጣና ተናጋሪ ትግራይ ውስጥም አለ። የሰቆጣው ምክር ቤት ሥልጣን ደግሞ ክልሉ ድንበር ላይ ያበቃል። ታዲያ የማዶው ልጅ የማን ነው?

ክልሎች አብረው መሥራት አይችሉም እንዳንል፣ የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሥራውን የጀመረው በተከዜ ተፋሰስ፣ በአማራና በትግራይ ወረዳዎች ነው። ለልጆች ቁመት አንድ ዕቅድ ከተያዘ ለልጆች ቋንቋ ምን ያቅታል?

በ2013 ዓ.ም. ጦርነት መጣ፤ ከአበርገሌ የተፈናቀለ ብዙ ሰው ሰቆጣ ተጠለለ። የሚገርመው፣ የመንግሥታት ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 1231 የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። መነጋገሪያው በሕግ ተዘርግቷል ማለት ነው። እኛ የምንለው ከትንሹ ይጀመር ነው፦ ለወዲህም ለማዶም ልጅ የሚሆን አንድ የኽምጣና መማሪያ መጽሐፍ።