መዝገብና መኖሪያ፦ ግብር፣ ነዋሪነትና የጎጃም ታሪክ



«ግብር» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ገባር ለባለሥልጣን የሚከፍለው ግብር ነው፤ ንጉሥ ወይም መኳንንት ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላው ድግስም ግብር ነው። ቃሉ መስጠትንም መቀበልንም የያዘው በአጋጣሚ አይደለም። ግብር ከገንዘብ በፊት ዝምድና ነው፤ ማን ለማን እንደሚገብር የሚወስነውም ማን የማን ሰው እንደሆነ ነው።

ዛሬ ይህን የቆየ ጥያቄ አዲስ መልክ የሰጠው ቴክኖሎጂ ነው። አንድ የደብረ ማርቆስ ወጣት ከቤቱ ሳይወጣ ለበርሊን ወይም ለለንደን ደንበኛ ሶፍትዌር ይሠራል፣ ንድፍ ያወጣል፣ ጽሑፍ ይተረጉማል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2014 ጀምሮ ለውጭ አገር ሰዎች በምትሰጠው የዲጂታል መታወቂያ አማካይነት፣ አገሪቱን ረግጦ የማያውቅ ሰው እዚያ ኩባንያ ማስመዝገብ ይችላል። ዕድሉን በብዛት የሚጠቀሙበት በግላቸው የሚሠሩ አውሮፓውያን ናቸው፤ ጥያቄው ግን የእኛም ሆኗል። ኩባንያው በአንድ አገር ተመዝግቦ ባለቤቱ በሌላ አገር ሲኖር፣ ግብሩ የማን ነው?

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መመዝገብና መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። መንግሥት ይህን ልዩነት ሲዘነጋ ግብሩ ያመልጠዋል፤ ነዋሪው ደግሞ የግብር መዝገቡ በመኖሪያው ላይ ያለውን መብት ይነጥቀኛል ብሎ ሲያምን ግብሩን አይቀበልም። ሁለቱንም ከዚሁ ከጎጃም ታሪክ ማሳየት ይቻላል።

ከገበያው እንጀምር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ የጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ፣ ከጉድሩና ከእናርያ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ የሚገበይበት ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1830ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአካባቢው ተቀምጦ ንግዱን መዝግቧል። በዚህ ገበያ ቀረጥ የሚጣለው በዕቃው ላይ ነበር። ነጋዴው በኬላ ሲያልፍ ወይም ገበያ ሲገባ ይከፍላል፤ የት እንደሚያድር፣ የማን አገር ሰው እንደሆነ ለቀረጡ ዋና ጉዳይ አልነበረም። ለተንቀሳቃሽ ነጋዴ የተመቸ ሥርዓት ነው፤ በር እስካለ ድረስ ነዋሪነትን መጠየቅ አያስፈልግም።

የገበሬው ነገር ግን ፈጽሞ የተለየ ነበር። በጎጃም ርስት ማለት ከመጀመሪያው አቅኚ አባት በአባትም በእናትም በኩል በትውልድ ቆጠራ የሚገኝ የመሬት ድርሻ ነው። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ አለን ሆበን ስለ ዳሞት ባጠናው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ሰው በብዙ ቦታ ርስት ሊጠይቅ ይችላል፤ ርቆ የኖረም ዘሩን ቆጥሮ ሊመለስ ይችላል። በእጁ የሚገባው መሬት ግን በቦታው በመገኘቱ፣ በዘመዶቹ ድጋፍና በሙግት ችሎታው ይወሰናል። በአንጻሩ ሙስሊሙ ነጋዴ፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ዕድሜ ልካቸውን በዚያው ቢኖሩም በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። እንግዲህ የማይኖር ባለ መብትና መብት የሌለው ነዋሪ ጎን ለጎን ነበሩ። የዛሬው የግብር ሕግ ሊፈታ የሚታገለው እንቆቅልሽ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሦስተኛው ዓይነት ሰው የውጭ አገር ዜጋ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የፈረንሳይ መልእክተኛ አንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ የተፈራረሙት ውል ለፈረንሳይ ዜጎችና በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ላሉ ሰዎች የቆንስላ ዳኝነት ሰጠ። በመካከላቸው የሚነሣውን ክርክር ቆንስላው በአገሩ ሕግ ይዳኛል፤ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲሆን ደግሞ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ቆንስላው ባለበት ይፈርዳል። ውሉ በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥም ወሰነ። ሌሎች መንግሥታት ዜጎቻቸው የዚሁ መብት ተካፋይ እንዲሆኑ አደረጉ። ውጤቱ ምን ነበር? በአዲስ አበባ ሱቅ ከፍቶ፣ ቤተሰብ መሥርቶ የሚኖር አውሮፓዊ ነጋዴ በቆንስላ መዝገብ ላይ በሰፈረው ስሙ ምክንያት ለብዙ ነገር እንደ ሌላ አገር ሰው ተቆጠረ። መንግሥት የሚኖረውን ሰው እያየ መዝገቡን ማለፍ አልቻለም።

ይህ ሁኔታ በተግባር ያበቃው ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው። በ1936 ዓ.ም. የግልና የንግድ ሥራ ግብር አዋጅ ወጣ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች ታወጁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 183 መደበኛ መኖሪያን ሲተረጉም፣ ሰው በዘለቄታ ለመኖር አስቦ የሥራውና የጥቅሙ ዋና ማዕከል ያደረገው ቦታ ነው ይላል። የንግድ ሕጉ በበኩሉ ነጋዴው በንግድ መዝገብ እንዲገባ አዘዘ። ስለዚህ መኖሪያና መዝገብ በአንድ ዓመት በወጡ ሁለት ሕጎች ለየብቻቸው ተደነገጉ።

አሁን ወደ ጎጃም ገበሬ ልመለስ፤ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነውና። ከነጻነት በኋላ የወጣው የ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ግብርን በጋሻ፣ መሬቱንም ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ለመተመን ያለመ ነበር። የጎጃም ገበሬ መሬቱ እንዳይለካ በብርቱ ተቃወመ። መንግሥትም ጎጃም ከጦርነቱ በፊት፣ በ1927 ዓ.ም. በነበረው መጠን እንዲገብር ፈቀደ። ይህ ማለት ግብሩ በጥቅል በአካባቢው ላይ ይወርዳል፤ ባለ ርስቶች በመካከላቸው ይደለድሉታል፤ የእያንዳንዱ ሰው ስምና የይዞታው ስፋት ግን በመንግሥት መዝገብ አይሰፍርም።

በ1960 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 255 ይህን ሥርዓት ነካ። አዋጁ አሥራትን ሽሮ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አስገባ፤ ግብሩ የሚወሰነውም የእያንዳንዱ ገበሬ ገቢ ተገምቶ ነው። በወረቀት ሲነበብ ከአሥራት የተሻለ ፍትሕ ያለው ይመስላል፤ ባለ ብዙ ገቢው ብዙ ይከፍላልና። ገበሬው ግን ያነበበው በሌላ መንገድ ነው። ገማቹ ማሳዬን አይቶ ከጻፈ ነገ ይለካል፤ ከተለካ ርስቴ በመዝገብ ይታሰራል፤ ያልተመዘገበውን የዘመዴን፣ የነገውን የልጄን ድርሻ ማን ያውቅልኛል? በዚህ ላይ ቀደም ብሎ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር በጦር መሣሪያ ምዝገባና በልዩ ልዩ መዋጮ ሕዝቡን አስመርሮ ነበር። ምዝገባ የሚለው ቃል ራሱ የጥርጣሬ ቃል ሆኖ ቆይቷል።

በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ። አቤቱታ ይዘው ወደ አዲስ አበባ የተጓዙም ነበሩ። መንግሥት ጦር ሠራዊት ላከ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። በመጨረሻ ግን ያፈገፈገው መንግሥት ነው። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፤ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የነበረው ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱንም ግብር በጎጃም በብርቱ ለማስፈጸም አልተሞከረም።

ይህን ዐመፅ ግብር የመጥላት ታሪክ ብቻ አድርጎ መተረክ ይቀናል። ነገር ግን የጎጃም ገበሬ ከዚያ በፊትም ሲገብር ኖሯል። የተቃወመው ግብሩ ይዞት የመጣውን መዝገብ ነው፤ መዝገቡ የማንነቱንና የመኖሪያውን ትርጉም ሳይጠይቀው ይለውጥብኛል ብሎ ፈርቷል።

አውሮፓም የራሷን ትምህርት የቀሰመችው በፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በደ ቢርስ የአልማዝ ኩባንያ ጉዳይ ወሰነ። ኩባንያው የተመዘገበው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ማዕድኑም እዚያ ነው። ዳኞቹ ግን ዋናው አመራር የሚሰጠው በለንደን ስለሆነ ኩባንያው ለግብር የእንግሊዝ ነዋሪ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በሴንትሮስ ጉዳይ፣ ዴንማርክ የሚኖሩ ባልና ሚስት በእንግሊዝ ያስመዘገቡትን ኩባንያ ቅርንጫፍ ዴንማርክ ልትከለክል አትችልም ሲል ፈረደ፤ ምንም እንኳ ኩባንያው በእንግሊዝ አንዳች ሥራ ባይሠራም። ሁለቱ ፍርዶች አይጋጩም። በፈለጉት አገር መመዝገብ መብት ሊሆን ይችላል፤ ያ መብት ግን ከመኖሪያ አገር ግብር አያወጣም። ኢስቶኒያም ብትሆን የዲጂታል መታወቂያዋ የግብር ነዋሪነት እንደማይሰጥ ራሷ ትናገራለች።

የእኛም ሕግ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በኢትዮጵያ መደበኛ መኖሪያ ያለውን፣ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ከ183 ቀናት በላይ በአገሪቱ የቆየን ግለሰብ ነዋሪ ይለዋል። ድርጅትም በኢትዮጵያ ከተቋቋመ ወይም ወሳኝ አመራሩ የሚሰጠው በኢትዮጵያ ከሆነ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ይከፍላል፤ በውጭ የከፈለው ግብር በሕጉ መሠረት ይታሰብለታል። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ውል የሚፈራረም፣ ዋጋ የሚወስን፣ ሥራውንም የሚሠራ ወጣት በታሊን ያስመዘገበው ኩባንያ ለኢትዮጵያ ግብር ባዕድ አይደለም። የኩባንያው ራስ የባለቤቱ ራስ ነውና አመራሩም እዚሁ ነው።

ሁለት አገሮች አንድን ሰው ነዋሪዬ ነው ሲሉ ደግሞ ዓለም አቀፉ የውል አርአያ በቅደም ተከተል ይጠይቃል፦ ቋሚ ቤቱ የት ነው? የግልና የኢኮኖሚ ትስስሩ የሚጠብቀው ከየትኛው አገር ጋር ነው? አዘውትሮ የሚኖረው የት ነው? ዜግነቱስ? የዳሞት የርስት ሙግት ሰሚ ሽማግሌዎች እነዚህን ጥያቄዎች ቢሰሙ እንግዳ የሚሆኑባቸው አይመስለኝም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ለወጣቱ ባለሙያ፦ ኩባንያ የት ላስመዝግብ ከማለቱ በፊት የት እንደሚኖርና የት እንደሚወስን ይጠይቅ፤ መልሱ በአብዛኛው ግብሩንም ይነግረዋል። ለግብር አስተዳደሩ፦ ይህ ትውልድ እንደ ባሶ ነጋዴ በኬላ አያልፍም፤ ሥራው በር የለውም። ገቢውን ማወቅ የሚቻለው ራሱ ወዶ ሲያስታውቅ ነው። ወዶ የሚያስታውቀውም መዝገቡ ሊያስፈራራው ሳይሆን መብቱን ሊያጸናለት እንደተከፈተ ሲያምን ነው። በ1960 ዓ.ም. ያልተደረገው ይህ ነበር፤ ገማቹ ከማብራሪያው ቀደመ።

የሕግና የታሪክ ተማሪዎቻችን ይህን ጉዳይ በጋራ ቢይዙት ብዙ የሚመረመር አለ።