አባቱ ከሞተ በኋላ የተፀነሰ ልጅ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1995 መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ወጣት ባል በማጅራት ገትር ታሞ ራሱን ሳተ። ባልና ሚስቱ ልጅ ለመውለድ እየሞከሩ ነበር። ሚስቱ ዳያን ብላድ ሐኪሞቹን ጠይቃ፣ ሳይሞት የዘር ፈሳሹ ተወስዶ እንዲቀመጥላት አደረገች። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

ሙግቱ ከዚያ ጀመረ። የአገሪቱ የ1990 ሕግ የሰው ዘር ለማስቀመጥም ሆነ ከሞቱ በኋላ ለመጠቀም የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ አይፈርምም። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ከለከላት፤ በ1996 ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ክልከላውን አጸናው።

በ1997 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሕጉን አልነካም፤ ዘሩ ያለ ፈቃድ መቀመጡም ሕገ ወጥ ነበር አለ። ነገር ግን ሴትየዋ በሌላ የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል አገር የመታከም መብቷን ባለሥልጣኑ በቅጡ አላጤነም ብሎ ጉዳዩን መለሰው። ባለሥልጣኑም ፈቀደ። ዳያን ቤልጂየም ሄዳ ታከመች፤ በ1998 አንድ፣ በ2002 ሌላ ወንድ ልጅ ወለደች።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሕጉ ከሞት በኋላ ዘሩ ጥቅም ላይ የዋለ ሰው አባት አይባልም ስለሚል፣ በልጆቹ የልደት መዝገብ ላይ የአባት ስም ቦታው ባዶ ነበር። እናትየው ዳግም ተከራክራ፣ በ2003 አዲስ ሕግ ወጣ። እሱም የፈቀደው ስሙ እንዲመዘገብ ብቻ ነው፤ ውርስ የለበትም።

እኛስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ። የተፀነሰበትን ጊዜም ከልደቱ 300 ቀን ወደ ኋላ ይቆጥራል። አባቱ ሲሞት ማኅፀን ውስጥ የነበረ ልጅ በዚህ መሠረት ይወርሳል። ዘሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ የተወለደ ልጅ ግን ከዚህ ስሌት ውጭ ነው።

የሟች ፈቃድ መጠየቁን እደግፋለሁ፤ የሞተ ሰው አካል የማንም መጠቀሚያ መሆን የለበትም። ግን ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ሕግ እናትየውን ቢከለክል ይገባኛል፤ አንዴ የተወለደውን ልጅ ግን በማን ጥፋት ይቀጣዋል?